ርካሽ የሰባዎቹ ሆረር ፊልሞች ለምን ከጭንቅላት አይወጡም?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ የሰባዎቹ ሆረር ፊልም ወዳጅ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ በሚታይበት ሲኒማ፣ በድራይቭ ኢን፣ ይታዩ የነበሩ ርካሽ ፊልሞችን በየሳምንቱ አንድ አንድ እያለ ይሰጠኛል። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹ እንቅልፍ አስይዘውኛል። ተዋናዮቹ አይችሉበትም፣ ድምፁ አይሰማም፣ ምስሉ ጭቃ ነው። አንዱ ግን፣ የቴክሳሱ የመጋዝ ፊልም፣ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል። ሰዎቹ እነዚህን ፊልሞች የሚወዱት በናፍቆት ነው ወይስ በመጥፎ ፊልም መሳቅ ስለሚያስደስታቸው? የምጠይቀው ከጓደኞቼ ጋር በአማርኛ አጭር ሆረር ለመሥራት ስላሰብን ነው። ምስሉን ያረጀ የሚያስመስል ማጣሪያ ልንገዛ ነው። ይጠቅመናል?»

ምላሽ፦ ማጣሪያውን አትግዙ። ለምን እንደሆነ ለመግባባት ግን መጀመሪያ ሌሎቹን ጥያቄዎች ማጥራት አለብን። ሌላ ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ናፍቆት የሚለው መልስ ላንተ አይሠራም። ያን ፊልም ስታይ የምትናፍቀው ነገር አልነበረህም። ዘመኑም አገሩም ያንተ አልነበረም። አሜሪካዊው ባልደረባህ ምናልባት የአባቱ መኪና የኋላ ወንበር ትዝ ይለው ይሆናል። አንተ ግን ምንም ትዝታ ሳይኖርህ ገብተህ ፈርተህ ወጣህ። መሳቅ የሚለውም አያስኬድም። እርግጥ ነው፣ ተሰብስበው በመጥፎ ፊልም የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ የራሱ ደስታም አለው። ግን የተሳቀበት ፊልም ሳምንት ሙሉ ሰው አይከተልም።

ርካሽነቱ ራሱ አስማት አለው የሚል ግምትም እሰማለሁ። የለውም። በዚያ አሥር ዓመት ከወጡት ርካሽ ሆረሮች አብዛኞቹ መጥፎ ናቸው። ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ቢረሱም አልጎዳንም። «ግማሾቹ እንቅልፍ አስያዙኝ» ካልክ ባልደረባህ ጎበዝ መራጭ ነው ማለት ነው። ሳይመርጥ ቢሰጥህ በየሳምንቱ ታንኮራፋ ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ርካሽ ፊልም ለምን ይወደዳል?» አይደለም። ከዚያ ሁሉ ገለባ ውስጥ ጥቂቶቹ ለምን እንዲህ ጠንካራ ሆኑ የሚለው ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከሜዳው ነው። የመጀመሪያው ድራይቭ ኢን በ1933 ኒው ጀርሲ ውስጥ ካምደን አጠገብ ተከፈተ። የከፈተው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባል ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተስፋፋና በ1958 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ አራት ሺህ ገደማ ደረሱ። ያኔ የቤተሰብ ቦታ ነበር። ልጆች ፒጃማ ለብሰው ይመጣሉ፣ ሸራው ሥር ባለው መጫወቻ ይሯሯጣሉ፣ ፊልሙ ሳይጋመስ ይተኛሉ። ቀስ በቀስ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ገዛና እቤቱ ቀረ። ሜዳው ላይ የቀሩት ወጣቶች ናቸው፤ የወላጆቻቸውን መኪና ይዘው፣ ፍቅረኛቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው። ፊልሙን አተኩረው ላያዩት ይችላሉ። የሜዳው ባለቤትም ብዙ አልተጨነቀም። ዋናው ትርፉ ከፖፕኮርኑ፣ ከሆት ዶጉና ከለስላሳው ነበር። እሱ የሚፈልገው ሰው ሌሊቱን እዚያው እንዲያመሽ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በአንድ ትኬት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ፊልም ያስፈልገዋል።

ያን ያህል ፊልም ከየት ይምጣ? ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አዲሱን ፊልም መጀመሪያ ለከተማ ሲኒማ ቤቶች ነበር የሚሰጡት። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቱዲዮዎቹን ከሲኒማ ቤት ባለቤትነት እንዲለያዩ ካደረገ በኋላ ደግሞ ርካሹን «ሁለተኛ ፊልም» መሥራቱን እየተዉት መጡ። ክፍተቱን የሞሉት ግለሰቦች ናቸው። የማስታወቂያ ሠራተኛ፣ የኮሌጅ መምህር፣ አንዳንዴም የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ራሱ። በ1968 የድሮው የሆሊውድ ሕገ ደንብ ተነስቶ በዕድሜ ደረጃ መስጠት ሲተካ፣ ስቱዲዮዎች ያልደፈሩትን ለማሳየት በሩ ተከፈተ። ሆረር የመረጡት በፍቅር ብቻ አይደለም። ለሆረር ኮከብ ተዋናይ አያስፈልግም። አንድ ቤት፣ ጥቂት ወጣቶችና ፖስተር ይበቃል።

ፖስተሩን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ብዙ ጊዜ ከፊልሙ የተሻለ ሰው የሠራው እሱን ነው። ፊልሞቹ በአንድ ቀን አገር ሙሉ አይከፈቱም ነበር። አከፋፋዩ ጥቂት ቅጂ ያሳትምና ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ያዞራቸዋል። አንድ ቦታ ካልሸጠ ስሙን ይቀይርና ሌላ ቦታ ይሞክራል። ጄሪ ግሮስ የተባለ አከፋፋይ «አይ ድሪንክ ዩር ብለድ» የሚል ፊልም ያዘ፤ ደምህን እጠጣለሁ እንደ ማለት ነው። አብሮት የሚሄድ ሁለተኛ ሲያጣ ከ1964 ጀምሮ ሳይታይ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጥቁርና ነጭ ፊልም ገዛና «አይ ኢት ዩር ስኪን» ብሎ ሰየመው። ደም ከተጠጣ ቆዳም ይበላ ብሎ ነው መሰለኝ። በሁለተኛው ፊልም ውስጥ ግን ቆዳ የሚበላ የለም። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የመጣ ፊልም ፖስተሩ የገባውን ቃል ባይፈጽም አትደነቅ፤ ቃሉን የገባው ሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደ እንቅልፉ። እነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሁለት ዓይነት ዝግታ አለ። አንደኛው ተራ መሙያ ነው። ፊልሙ ሰማንያ ደቂቃ ገደማ መሙላት አለበት፣ ገንዘቡ ግን ለሃያ ደቂቃ ድርጊት ነው የሚበቃው። ወሬ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ሰዎቹ ያወራሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ። ሜዳው ላይ ይህ ማንንም አያስቸግርም ነበር። ድምፁ የሚመጣው መስኮት ላይ ከተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው፣ የበጋው ሰማይ ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም፣ ግማሹ ሰው ለሆት ዶግ ተሰልፏል። አንተ ግን ሶፋ ላይ በጥሩ ስክሪን ስታየው ክፍተቱ ሁሉ ይታይሃል። ሁለተኛው ዝግታ ሌላ ነው። እሱ ቦታውን ያስተዋውቅሃል፣ ያዘናጋሃል፣ ከዚያ የሆነ ነገር ያመጣብሃል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ቤቱ ውስጥ ኩሽናው በየት በኩል እንደነበር ታስታውሳለህ? ካስታወስክ ዝግታው ሥራ ሠርቷል።

ያልለቀቀህ ፊልም፣ «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶው ማሳከር»፣ ሁለተኛውን ዓይነት ዝግታ የሚያውቅ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ቶቢ ሁፐር ያነሳው በ1973 በጋ ቴክሳስ ውስጥ ራውንድ ሮክ አካባቢ ነው። ስለ በጀቱ የሚጠቀሰው ቁጥር ቢለያይም ከ140,000 ዶላር ብዙም አይዘልም። የተቀረጸው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነው፤ ለሲኒማ የሚሆነው 35 ሚሊሜትር ውድ ስለነበር፣ ምስሉ በኋላ ወደዚያ መጠን ተለቅ ተደርጎ ነው የታተመው። ጭቃ ያልከው ምስል ከዚያ የመጣ ነው። ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ገደማ ይደርስ ነበር። የቤቱ ዕቃ ከእውነተኛ የእንስሳት አጥንት ተሠርቶ ነበር፣ ገበታው ላይ ያለው ሥጋ በመብራቱ ሙቀት ሸተተ። የእራቱ ትዕይንት ከሃያ አራት ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ ተቀረጸ። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው፣ ሰዎቹ እየወጡ እያስመለሱ ማለት ነው። ዋናዋ ተዋናይ ማሪሊን በርንስ ስትጮህ የምታየው ድካም ትወና ብቻ አይደለም።

አሁን የሚገርመውን ልንገርህ። ያ ፊልም ውስጥ ደም በጣም ጥቂት ነው። ልጅቷ ሥጋ መስቀያው ላይ ስትሰቀል ብረቱ ገላዋ ውስጥ ሲገባ አይታይም። ያዩ ሰዎች ግን አየን ብለው ይምላሉ። ሁፐር ደሙን የቀነሰው ዝቅ ያለ የዕድሜ ገደብ አገኛለሁ ብሎ ነበር። አልተሳካለትም። እንግሊዝ አገር ደግሞ የፊልም መርማሪዎቹ ፈቃድ የሰጡት በ1999 ነው። ለመቁረጥ ቢፈልጉም የሚቆረጥ ነገር ማግኘት ቸግሯቸው ነበር፤ ፍርሃቱ በአንድ ትዕይንት ውስጥ አልተቀመጠማ። ድምፁ ውስጥ ነው፣ ብርሃኑ ውስጥ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ በሩ ድንገት ተከፍቶ ድንገት ሲዘጋ ነው።

እዚህ ላይ ነው የገንዘብ ማጣት ሥራ የሠራው። ተመልካች ሆረር ሲያይ ሳያውቀው የሚደገፍባቸው ነገሮች አሉ። ታዋቂ ተዋናይ ካለ መጀመሪያ ላይ አይሞትም ብሎ ያምናል። ሙዚቃው ሲያድግ ተዘጋጅ ማለት መሆኑን ያውቃል። ስቱዲዮ የሠራው ከሆነ ከተወሰነ መስመር እንደማያልፍ ይገምታል። እነዚህ ሁሉ የሚገዙት በገንዘብ ነው። ገንዘብ ሲጠፋ ድጋፎቹም ጠፉ። ፊቶቹን አታውቃቸውም፤ ስለዚህ ማን እንደሚተርፍ አታውቅም። ቤቱ የእውነት የሰው ቤት ነው። ሙዚቃው ብረት ሲፋጭ እንደሚሰማ ድምፅ ነው፣ ምንም አይመራህም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊልሙን የሚነዳው ሰው የት እንደሚያቆም እርግጠኛ አይደለህም። ኃላፊነት የሚሰማው ሰው መሪውን እንዳልያዘ ሚኒባስ ነው። አንተን ሳምንት ሙሉ የያዘህ ይህ ስሜት ነው።

እውነተኛ ታሪክ ስለሚለው፦ አይደለም። መነሻ የሆነው ኤድ ጊን የሚባል የዊስኮንሲን ሰው ነው። በ1957 ነው የተያዘው። ሁለት ሴቶችን መግደሉን አምኗል፤ ከመቃብር አስከሬን እያወጣም ከቆዳና ከአጥንት ዕቃ ይሠራ ነበር። ቴክሳስ የለም፣ መጋዝ የለም፣ ቤተሰብ የለም፣ በመንገድ የጠፉ ወጣቶችም የሉም። መግቢያው ላይ ያለው ንባብ ገበያ ለመሳብ የተጻፈ ነው፤ ሁፐር ራሱም መንግሥት በየቀኑ በሚዋሽበት ዘመን መዋሸቱን አልደበቀም። ዘዴው የእሱ ብቻ አልነበረም። በ1972 ቻርልስ ፒርስ የሚባል የአርካንሳስ የማስታወቂያ ሰው፣ ፎክ በምትባል ትንሽ ከተማ ስለሚወራ ጫካ ውስጥ ስለሚኖር ፀጉራም ፍጡር ፊልም ሠራ። ገንዘቡን ከአካባቢው የጭነት መኪና ነጋዴ ተበድሮ፣ ከከተማዋ ነዋሪዎች አንዳንዶቹን ራሳቸውን ሆነው እንዲጫወቱ አደረገ። «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ቦጊ ክሪክ» ይባላል። ትወናው ደረቅ ነው። ሰዎቹ ግን ረግረጉን ሲያሳዩህ ቤታቸውን እያሳዩህ ነው። ያን ደግሞ በገንዘብ ልትሠራው አትችልም።

ባልደረባህ ሳይሰጥህ አይቀርም፤ ለዚህ ሁሉ መንገድ የከፈተው የ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው። ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ ፒትስበርግ ውስጥ የማስታወቂያ ፊልም ይሠሩ ነበር። አሥር ሰዎች ስድስት ስድስት መቶ ዶላር አዋጥተው ጀመሩ፤ ሲያልቅ ወጪው ወደ 114,000 ዶላር ደረሰ። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አያስታውቅም። ዋናውን ሰው የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስክሪፕቱ ስለ ቆዳ ቀለሙ አንድ ቃል አይተነፍስም። መጨረሻውን ላላየ ሰው አልናገርም፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ዓመት የወጣ ፊልም መሆኑን ይዘህ እየው።

ይህ ፊልም እንዲህ የታወቀበት አንድ አስቂኝ ምክንያት አለ። አከፋፋዩ የፊልሙን ስም ሲቀይር የባለቤትነት ምልክቱን አዲሱ ርዕስ ላይ መጻፍ ረሳ። በወቅቱ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ምልክቱ ከሌለ መብቱ የለም። ፊልሙ ወዲያው የሕዝብ ንብረት ሆነ። ሮሜሮና ጓደኞቹ ብዙ ገንዘብ አጡ። ፊልሙ ግን ያለ ክፍያ በየቴሌቪዥን ጣቢያው፣ በየቪዲዮ ቤቱ ተሠራጨ። ስለዚህ «ለምን ይወደዳል?» ከሚለው መልስ አንዱ ክፍል ደረቅ ነው፦ በየቦታው በነፃ ስለተገኘ። አንተም በሕጋዊ መንገድ በነፃ ልታየው ትችላለህ። የሌሎቹ ፊልሞች መብት ግን አለ፤ አሮጌ ስለሆኑ ነፃ ናቸው ብለህ እንዳትወስድ።

ስለ ዘመኑ ብዙ ይጻፋል፤ የተወሰነው እውነት ነው። ቬትናም በየምሽቱ ቴሌቪዥን ላይ ነበረች። በሮሜሮ የኋላ ፊልሞች ላይ ቁስሉን የሠራው ቶም ሳቪኒ በቬትናም የጦር ሠራዊት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የቦብ ክላርክ «ዴዝድሪም» ከጦር ሜዳ ሞቶ ወደ እናቱ ቤት ስለሚመለስ ልጅ ነው፤ ከብዙ ቁም ነገረኛ የጦርነት ፊልሞች ቀድሞ ነው የወጣው። የቴክሳሱ ፊልም ውስጥ ወጣቶቹ ወደ ቤቱ የሚጠጉት ማደያው ነዳጅ ስለሌለው ነው። የዚያን ጊዜ የነዳጅ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በየካቲት 1966 በእኛ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን አድማ ያስወጣው የቤንዚን ዋጋ ነበር። ቢሆንም ልክ አለው። ከየቁጥቋጦው ጀርባ ቬትናምን የሚያዩ ጸሐፊዎች አሉ። ብዙዎቹ ፊልም ሠሪዎች የሚያሳስባቸው የሳምንቱን ካሜራ ኪራይ መክፈል ነበር። ዶን ኮስካሬሊ «ፋንታዝም»ን ሲሠራ አብዛኛውን ቅዳሜና እሁድ ነው ያነሳው። ካሜራውን ዓርብ ወስዶ ሰኞ ቢመልስ የሚከፍለው የአንድ ቀን ኪራይ ስለነበር።

አሁን ማጣሪያው ጋ ደርሰናል። «ሃሎዊን»ን አይተኸዋል? ጆን ካርፔንተር በ1978 በ300,000 ዶላር ገደማ የሠራው ነው። ገንዘቡን ያመጣው ሙስጠፋ አቃድ ሶርያዊ አሜሪካዊ ነው፤ ስለ እስልምና አጀማመር የተሠራውን «ዘ ሜሴጅ» ዳይሬክት ያደረገው እሱ ራሱ ነው፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። በጀቱ ስለጠበበ ገዳዩ የሚያጠልቀው ጭምብል ከመደብር የተገዛ የአንድ ታዋቂ ቴሌቪዥን ድራማ ካፒቴን ፊት ነው፤ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ዓይኑን አሰፉት። ታሪኩ በጥቅምት መጨረሻ ነው፣ ቀረጻው ግን በካሊፎርኒያ ጸደይ። ስለዚህ ቅጠል ቀለም እየቀቡ ይበትናሉ፣ ሲጨርሱ ለቅመው ለሌላው ትዕይንት ያስቀምጣሉ። ሙዚቃውን ዳይሬክተሩ ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሠራው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 47 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

ምስሉን ግን ተመልከተው። ንጹሕ ነው። ሰፊ ነው። ካሜራው በእርጋታ ይንሸራተታል። አንድ ጠብታ ጭቃ የለበትም። ቢሆንም ያስፈራል። እንግዲህ የሚያስፈራው የምስሉ ሻካራነት ቢሆን ኖሮ «ሃሎዊን» ባልሠራ ነበር። የቴክሳሱ ፊልም ሻካራነት የሚሠራው ከሙቀቱ፣ ከአጥንቱ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ ስለመጣ ነው። ጥርት ባለ ካሜራ አንስተህ ላዩ ላይ ጭረት ብትለጥፍበት ተመልካቹ የሚያየው ጭረቱን ነው። እንዲያውም ለፍርሃቱ ጠንቅ ነው፤ «ይህ ቀልድ ነው፣ የድሮ ፊልም እየተጫወትን ነው» ብሎ ይነግረዋል። ያ ደግሞ ከላይ ያልኩህን ድጋፍ መልሶ ማቀበል ነው።

በዚያው ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን በሆረር ምን እንደሠሩ ባልደረባህ ካላሳየህ ጠይቀው። «ብላኩላ»ን በ1972 ዳይሬክት ያደረገው ዊልያም ክሬይን ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዩሲኤልኤ፣ የተማረ ወጣት ነበር። ርዕሱ ቀልድ ይመስላል፤ ዋናው ተዋናይ ዊልያም ማርሻል ግን ገጸ ባሕርዩ የባሪያ ንግድን ሊያስቆም የመጣ አፍሪካዊ ልዑል እንዲሆን አድርጎ ክብር ሰጠው። በዓመቱ ቢል ገን ተመሳሳይ የቫምፓየር ፊልም ሥራ ተብሎ ገንዘብ ተሰጠው። እሱ ስለ ሱስና ስለ እምነት በዝግታ የሚያወራውን «ጋንጃ ኤንድ ሄስ» ሠራ። ፈረንሳይ ውስጥ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ አገር ቤት ግን ቆራርጠው በሌላ ስም ለቀቁት። ኃይሌ ገሪማም ያኔ እዚያው ዩሲኤልኤ ነበር። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ኢትዮጵያ ውስጥ በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ገበሬዎች ያነሳው በዚያ ሰሞን ነው። ሆረር አይደለም፤ የገንዘብ እጥረትን ወደ ጥንካሬ የመለወጥ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። አንተ ደግሞ በአማርኛ ስለምትሠራ ከሁሉም የሚቀርብህ እሱ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የኃይሌ መጽሐፍ ቤት፣ ሳንኮፋ፣ ከሰፈርህ ሩቅ አይደለም።

ከመቀጠሌ በፊት አንዳንድ ማስጠንቀቂያ። እነዚህን ፊልሞች ስንወድ ጉዳታቸውን መሸፈን የለብንም። ሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ብዙ ጊዜ ለመሸጫ የተቀመጠ ነው፤ ምንም የጥበብ ስም ብንሰጠው። ቀረጻው ላይም ሰው ተጎድቷል። የቴክሳሱ ፊልም ውስጥ የውሸት ደም የምታወጣው ቱቦ አልሠራ ስትል የማሪሊን በርንስ ጣት የምር ተቆርጧል። ተዋናዮቹ በድርሻ ነበር የሠሩት፤ ፊልሙ ሚሊዮኖች ሲያስገባ እጃቸው የገባው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ጀግንነት አድርገው የሚያወሩት አሉ። አይደለም። ጓደኞችህን ሃያ አራት ሰዓት አታቁማቸው፣ ከመጀመርህ በፊትም ክፍያውን በጽሑፍ አድርገው።

ሌላው ጉዳት ላንተ ይበልጥ ይቀርባል። ብዙዎቹ ፊልሞች ጭራቁን የሚሠሩት ከድሃ የገጠር ሰው ነው፤ ጥርሱ የወለቀ፣ የከተማ ልጅ የሚያርድ። በአማርኛ ሆረር እንሥራ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ ቡዳ ነው። እባክህ ተጠንቀቅ። ቡዳ የተባሉት ለብዙ ዘመን ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ፋቂዎችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ስሙ ሰው አስገልሏል፣ አሳድዷል። ጅብ ሆኖ የሚመጣ ቀጥቃጭ ብታሳይ የምታስፈራው ተመልካቹን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ትከሳለህ። ከሳሾቹን አስፈሪ ማድረግ ግን ይቻላል። በአንድ ቤት ላይ ቀስ በቀስ የሚሰበሰብ ጎረቤት ከጅቡ በላይ ያስፈራል፤ ልዩ ጭምብልም አይፈልግም።

እንግዲህ ምን ታድርግ? በመጀመሪያ ሦስት ፊልም በዚህ ቅደም ተከተል እይ፦ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ «ቼይንሶው» እንደገና፣ ከዚያ «ሃሎዊን»። የታደሰውን ቅጂ ፈልግ፤ የመጀመሪያው በነፃ ስለሚዘዋወር የተበላሸ ቅጂው ብዙ ነው። በአንድ ምሽት ከአንድ በላይ አትይ። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። «ቼይንሶው»ን ለሁለተኛ ጊዜ ስታየው ድምፁን ዘግተህ አሥር ደቂቃ እይ፤ ከዚያ ምስሉን ሸፍነህ አሥር ደቂቃ ስማ። የትኛው እንደሚያስፈራ ራስህ ትፈርዳለህ። ጭካኔ የማይስማማው ጓደኛ ካለ እሱ የ1962ቱን «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ» ይይ፤ ካንሳስ ውስጥ የኢንዱስትሪ ማስተማሪያ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ያዘጋጁት ነው፣ ደም የለውም፣ ያባንናል ግን። የዌስ ክሬቨንን የ1972 የመጀመሪያ ሆረር ፊልም ዝለሉት። ታሪካዊ ቦታ አለው፤ ለእናንተ ሥራ ግን ከሚያስተምረው የሚያሳምመው ይበልጣል። ድራይቭ ኢኑን ራሱን ማየት ካማራችሁ ሜሪላንድ ሚድል ሪቨር ውስጥ ከ1956 ጀምሮ የነበረው ቤንጂስ አለ። የወቅት ሥራ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት መክፈቱን አጣሩ።

ከዚያ ለፊልማችሁ። የስልክ ካሜራ ይበቃል። ስክሪፕቱን ከመጻፋችሁ በፊት እንደልባችሁ የምትገቡበትን አንድ ቦታ ያዙ፤ የአክስት ቤት ምድር ቤት ይሁን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተዘጋ ምግብ ቤት፣ ምንም ይሁን። ታሪኩ ከቦታው ይውጣ። ዩቲዩብ ላይ የሚታወቅ ፊት አታስገቡ። ቢያንስ አንዱን ከባድ ትዕይንት በቀን ብርሃን አንሱት፤ ጨለማ ሁሉም ሰው ይሠራል፣ በርካሽ ካሜራ ደግሞ ጨለማ አስቀያሚ ይወጣል። ሙዚቃ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትደርቱበት። የማቀዝቀዣው ድምፅ፣ የፎቅ ጎረቤት እርምጃ፣ የቡና ሙቀጫ ይሻላል። ይህን ሁሉ ለመቅዳት ግን የስልኩ ማይክ አይበቃም። ለማጣሪያው ያዋጣችሁትን ገንዘብ ለአንድ ደህና ማይክሮፎንና ለረዥም ገመድ አድርጉት፤ ማይኩን የሚይዝ አንድ ሰውም ከአሁኑ መድቡ፣ በቀረጻው ቀን «ማን ይያዘው?» መባባል እንዳይመጣ።